አሥራ ዘጠኝ «ገባን»

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት ያመጣው ሰው እህል እጁ ላይ ከርሞ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ነቀዝን እንደ ጎረቤት አውቀዋለሁ። ነቀዝ የሚወደው ሲገለበጥ፣ ሲነፋ፣ ሲንኳኳ የሚውለውን እህል አይደለም። ከጥግ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው የከረመውን ጆንያ ነው። ላይ ላዩን ስታየው ደህና ነው። እጅህን ስትሰድ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ። ታዲያ ዝምታስ ከዚህ በምን ይለያል?

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ግን ቀስ ብለን እንሂድ። ራሴን ላስተዋውቅህ። ደርሶ እባላለሁ። ሰፈሩ «አያ ደርሶ» ይለኛል፣ ሱዳኖቹ «ዐም ደርሶ»። ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ነው። ከወገራ ተነሥቼ፣ ጓንግን በእግሬ ተሻግሬ እዚህ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ጓንግ የምንለው እኛ ነን፤ እዚህ ሲደርስ አትባራ ይሉታል። ወንዙን የተሻገርኩት በአርባ ሦስት እርምጃ ነው። እንዴት አወቅህ አትበለኝ። ቆጥሬ ነዋ! ከቤቴ እስከ ወፍጮው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ዝናብ ሲጥል ስድስት መቶ ሠላሳ ይሆናል፣ ጭቃውን ስለምዞር። ባለቤቴ ዓለምነሽ በቀን ስንት ጊዜ «ኤዲያ!» እንደምትለኝም አውቃለሁ። ቁጥሩን ስነግራት አንድ ይጨምራል።

ሰው ይህን እንደ በሽታ ያይብኛል። ግን ማንበብ የማይችል ሰው ምን ይዞ ይኑር? ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ነገሬን የምጽፍበት ስላልነበረኝ ቁጥር ያዝኩ። ቁረይሻ በሚባል ቦታ፣ እርሻ ላይ የሰሊጥ ነዶ በገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ስቆጥር፣ አንድም ስቼ ስለማላውቅ ቆጣሪ አደረጉኝ። ከቆጣሪነት ተነሥቼ ነው ለዚህ ወፍጮ የበቃሁት። የአማርኛውን ፊደልም የቆጠርኩት እዚሁ ጎልምሼ ነው። ዐረብኛውን ግን በጆሮዬ ብቻ ያዝኩት። ምላሴ ተምሯል፤ ዓይኔ እስካሁን መሃይም ነው።

ቁረይሻን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላጫውትህ።

የመጣሁበት የመጀመሪያው ክረምት ነው። ሃያ ሁለት ነን፤ ሁላችንም ገብስና ስንዴ እንጂ ማሽላ የማናውቅ የደጋ ሰዎች። የማሽላ እርሻ ልናርም ተቀጠርን። አዳር የሚባል አረም አለ፤ ከማሽላ ጋር መንታ ነው። ቅጠሉ ማሽላ፣ አገዳው ማሽላ። ፍሬው ሲደርስ ብቻ ነው ሌብነቱ የሚታወቀው። የእርሻው ወኪል ትዕግሥተኛ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይዞ አስረዳን። ሥሩን አሳየን። ግንዱን ሰብሮ አሳየን። ሲጨርስ «ፋህሚን?» አለ። ገባችሁ ወይ ማለቱ ነው። ሃያ ሁለታችን በአንድ ድምፅ «ፋህሚን!» አልን። ያን ጊዜ «ፋህሚን» ራሱ ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም። ሰውየው ፈገግ ብሎ ስላለው፣ እኛም ፈገግ ብለን መለስንለት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሠላሳ አንድ መስመር ጨርሰን ላባችንን እየጠረግን ነው። ማሽላው ተነቅሎ ተከምሯል። አዳሩ እንደ ግምጃ ቤት ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰውየው አልጮኸም። ራሱን ይዞ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ቆይቶ ያልገባው ማን ነበር ብሎ ጠየቀን። ማንም ትንፍሽ አላለም። «ወላሂ፣» አለ፣ «ከሃያ ሁለት ሰው አንድ ደንቆሮ ባገኝ ኖሮ እርሻዬ ይተርፍ ነበር።»

ስቀናል በኋላ። ግን አስበኸው ታውቃለህ፣ ለምን እንዲህ እንደምንሆን? ሰው ፈሪ ስለሆነ ነው ይላሉ። እኔ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው አስረድቶ ሲጨርስ «አልገባኝም» ማለት «በደንብ አላስረዳኸኝም» ብሎ መስደብ ይመስለናል። ስለዚህ እናዝንለታለን። ደክሞ አስረድቶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ «ገባን» እንሰጠዋለን፤ ለእንግዳ ውሃ እንደምንሰጠው። እሱ ይረካል። ማሽላው ይነቀላል።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ።

ግቢዬ ውስጥ ሰፊ ራኩባ አለ፤ በአራት ማዕዘኑ ክፍት የሆነ የሣር ዳስ። ዓርብ ዓርብ፣ የአሱር ሶላት ካለቀ በኋላ፣ የዐረብኛ ንባብ ትምህርት ይሰጥበታል። መምህሯ ሰዓዳ ናት። ወላጆቿ የመተማ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ አማርኛዋ መሐል መንገድ ላይ ዐረብኛ ይሆናል። «ያ ጀማዓ፣ ይህቺ ቃል ሙሂም ናት፣ ኸላስ፣ ያዙዋት» ትለናለች፤ ሙሂም ዋና ነገር ማለቷ ነው። ተማሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ነን። እርሻ የሚውሉ አሉ፣ ሻይ የሚሸጡ አሉ፣ መንገድ ላይ ያሉና ነገ የት እንደሚሆኑ የማያውቁ አሉ። አሥራ ዘጠነኛው እኔ ነኝ። ግቢው የኔ ስለሆነና ፀጉሬ ስለሸበተ ደግሞ የትምህርቱ ኃላፊ አድርገውኛል። ተማሪም ኃላፊም የሆነ ሰው ምን እንደሚሆን ታያለህ።

አንድ ዓርብ ሥራ ፈትቼ ስቆጥር፣ ሰዓዳ አሥራ አራት ጊዜ «ገባችሁ?» አለች። አሥራ አራት ጊዜ «ገባን!» አልን። በሳምንቱ ፈተና ሰጠችን። ከአሥራ ዘጠኛችን ያለፉት ሦስት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እኔ እንዳልሆንኩ ዓለምነሽ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

ከተማሪዎቹ ዝናሽ የምትባል ልጅ አለች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ የቋራ ልጅ። ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ከወንድሟ ጋር ነበር የመጣችው። እሱ ወደ ሊቢያ አለፈ፤ እሷ ቀረች። አሁን «ወሩ ሳያልቅ ተከተይኝ፣ መኪናው ተዘጋጅቷል» እያለ ይልክባታል። በዚያ መንገድ ከእኔ ግቢ ሰባት ልጆች ሄደዋል። የሦስቱን ድምፅ በስልክ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባል ሰው መጣ። ከካርቱም ጦርነቱ ያፈናቀለው አንጋፋ መምህር ነው። ገዳሪፍ ውስጥ በውሰት ባገኛቸው ክፍሎች፣ ዕድሜያቸው ላለፈ ልጆች የከሰዓት ትምህርት ቤት ከፍቷል። በሰዓዳ በኩል ስለ እኛ ሰምቶ ኖሮ ወፍጮው ድረስ መጥቶ አነጋገረኝ። ለኢትዮጵያውያን ልጆች አምስት ወንበር አለኝ፣ ዓርብ መጥቼ አይቼ እመርጣለሁ አለኝ። የተመረጠው በመደበኛ ይማራል፣ መታወቂያ ያገኛል፣ ሲጨርስም ምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል።

ወሬውን የሰማች ዕለት ዝናሽ ከዓለምነሽ ጋር ምስር እየለቀመች ነበር። ድምፅዋን ሳትቀይር እንዲህ አለቻት፦ «እትዬ፣ ወንበሩን ካገኘሁ እቀራለሁ። ካጣሁት በወሩ መጨረሻ መኪና እሄዳለሁ።» ያን ቀን ዓለምነሽ ምስሩን ከነጠጠሩ ቀቀለችው።

እኔም ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት። ልጆቹ እንዲመረጡ ምን ላድርግ ብዬ አሰብኩ። አስቤም አስቤም የመጣልኝ አንድ ነገር ነው፦ ጨዋነት! እንግዳው ሲገባ ቀጥ ብለው ከተነሡ፣ ዓይናቸውን ካቀረቀሩ፣ ሲጠየቁ ባንድ ድምፅ ከመለሱ ማን ይጠላቸዋል? እናም ሐሙስ ከሥራ መልስ ሰብስቤ አለማመድኳቸው። እኔ ኡስታዙን ሆኜ «ፋህሚን?» እላለሁ፤ እነሱ «ፋህሚን፣ ያ ኡስታዝ!» ይላሉ። መጀመሪያ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ደገምን። ሰለስን። ሰባተኛው ላይ አሥራ ስምንት አፍ አንድ አፍ ሆነ። ደስ አለኝ።

ጎሹ የሚባል አለ፣ ከውጭ ሲሆን ምላሱ የማያርፍ፣ ትምህርት ላይ ግን እንደ ድንጋይ ዝም የሚል። «አያ ደርሶ፣» አለኝ፣ «ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ሰልፍ? ጠብመንጃውን መቼ ነው የሚያድሉን?»

ሌሎቹ ሲስቁ ዝናሽ አልሳቀችም። ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ ቀረብ አለችኝ።

«አያ ደርሶ፣ ካልገባንስ?»

«ካልገባሽም ገባኝ በይ። ኋላ ይገባሻል።»

ይህን ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ መስመር ማሽላ የነቀልኩት ሰው። የሰው ልጅ ከስሕተቱ ይማራል የሚሉት ስንት ሰው ቆጥረው ይሆን?

ዓርብ ደረሰ። ኡስታዝ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ትልቅ ጥምጥም ጠምጥሞ ገባ። ቀጥ ብለን ተነሣን። አቀረቀርን። ወንበር አቅርቤለት ነበር፤ አልተቀመጠም። ጠመኔ ጠይቆ ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሠመረ። በአንዱ ጫፍ ተራራ ሣለ፣ በሌላው ጫፍ ቤቶች ሣለ። ከዚያ በቀላል ዐረብኛ፣ ቀስ እያለ ማስረዳት ጀመረ። ይህ የአትባራ ወንዝ ነው አለ። የሚነሣው ከአትባራ ከተማ ነው። ከዚያ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ይወጣል።

ሰዓዳ ልትተረጉም አፏን ከፈተች። ቆም ብላ አየችው። እሱ በራሱ ነቅነቅ አድርጎ «ቀጥዪ» አላት። እሷም ፊቷን ሳታጣምም ቃል በቃል ተረጎመችው።

«ፋህሚን?» አለ ኡስታዙ።

«ፋህሚን፣ ያ ኡስታዝ!»

እንዴት ያለ ድምፅ! የራኩባው ሣር ሳይነቃነቅ አልቀረም። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ሳይቀር። ኩራት ተሰማኝ። ልብ በል፤ ከአሥራ ዘጠኛችን አሥራ አንዱ ያንን ወንዝ በእግር የተሻገርን ነን። ውሃው ወዴት እንደሚገፋ በጉልበታችን የምናውቅ ነን። ግን ኡስታዙ ሽቅብ ይፈሳል ካለ፣ እኛ ማን ነን ቁልቁል የምናስፈስሰው?

እኔ ፊት ለፊት፣ ከኡስታዙ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። ተማሪዎቹን አያለሁ። ዝናሽ ቀና አለች። ቀጥሎ ከወንበሯ ትንሽ ከፍ ብላ ቀረች፤ ቁጭም አላለች፣ አልተነሣችም። ገባኝ። ልጅቷ ልትናገር ነው! አምስቱ ወንበሮች ባንድ ላይ ሲበሩ ታየኝ። ሳልኩ። ቁጭ በይ ማለቴ ነው። አልተቀመጠችም። ሁለተኛ ሳልኩ።  ሦስተኛ፣ ጠንከር አድርጌ ሳልኩ።

ያን ጊዜ አየችኝ። ኡስታዙን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው። ከእኔ ዓይን ላይ ዓይኗን ነቅላ ነው ወደ እሱ የዞረችው። እንዴት እንደነቀለችው እስካሁን ይታየኛል።

«ላ…» አለች፤ አይደለም ማለቷ ነው። ድምፅዋ አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። «ላ፣ ያ ኡስታዝ። ወንዙ ወደዚህ ነው የሚመጣው።»

 ኡስታዙ ፊቱን አኮሳተረ። እኔ መምህር ነኝ፣ ካርታ አይቻለሁ፣ አንቺ ምን አይተሻል አላት። ሰዓዳ ተረጎመች። ዝናሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች። ዐረብኛው ሲጠፋባት በአማርኛ ቀጠለች።

«ጫማዬን አይቻለሁ። ስንሻገር ውሃው ወሰደብኝ፣ የግራውን። ወደ ኢትዮጵያ የሚፈስ ቢሆን ወደ እናቴ ቤት በሄደ ነበር። ግን እያየሁት ወደ እናንተ ነው የመጣው።»

ሰዓዳ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎመችው።

ከወደ ኋላ ጎሹ ለራሱ ያለውን ሁላችንም ሰማነው፦ «አትባራ ከተማ አንድ እግር ጫማ ያደረገ ሰው ካያችሁ ያዙት።»

ሳቅ ፈነዳ። ኡስታዙም ሳቀ። ያ የተኮሳተረ ፊት ለካ የተውሶ ነበር። ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈና ወደ እኔ ዞረ። ዐም ደርሶ፣ አንተም በእግርህ እንደመጣህ ነግረውኛል፤ ለመሆኑ ያኔ ወዴት ነበር የሚፈሰው አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ምላሴ ቀደመኝ።

«ያኔስ ወደዚህ ነበር፣ ያ ኡስታዝ። አሁን እርስዎ ካሉ እንግዲህ…»

ይህ መልስ ገዳሪፍ ውስጥ እስካሁን በየሻይ ቤቱ ይዞራል። እንዲያውም ሰው ሲጨምርበት ሰምቻለሁ። መጨመር አያስፈልገውም ነበር።

ኡስታዙ ከመሄዱ በፊት ነገሩን አስረዳን። ዐረብኛ እኔ አስተምራለሁ፣ ሒሳብ አስተምራለሁ አለ። አፍ ማስከፈት ግን አልችልበትም። ዝም ብሎ «ገባኝ» የሚለኝ ተማሪ ምን እንደጎደለው በምን ላውቅ? ታሞ «ደህና ነኝ» የሚልን ሰው የትኛው ሐኪም ያድነዋል? አንዱን ወንበር ለዝናሽ ሰጠ። አራቱን ይዞ ሄደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ።

ዓለምነሽ ከማድ ቤት ሆና ሁሉን አይታለች።

«ስንት ጊዜ ሳልክ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«በሦስት ሳል ልጅቷን ሊቢያ ልታስገባት ነበር! ሁሉን ትቆጥራለህ፤ የራስህ ጥፋት ሲሆን ቁጥር ይጠፋብሃል። ኤዲያ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን «ኤዲያ» ከቁጥር አላስገባኋትም፤ ይገባኝ ስለነበር።

በማግሥቱ ዝናሽን ከቧንቧው አጠገብ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠይቅ ቀጥታ መንገድ አያውቅም። ስለ ሳሙናው ጠየቅኳት። ስለ ውሃው ማነስ አወራን። ከዚያ እንዴት ደፈርሽ አልኳት።

እጇን አራግፋ ቆመች። «መተማ ላይ ደላላው መንገዱን ነገረን» አለችኝ። «አምስት ነበርን። ‘ገባችሁ?’ አለን። ‘ገባን’ አልን። ወንዝ እንዳለ አልነገረንም። እኔ ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ የሌሎቹን ፊት ሳይ ተውኩት። ውሃው መሐል ስደርስ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም ብያለሁ።»

«ኡስታዙን አልፈራሽም?»

«እሳቸውን ምን ያስፈራል፣ ዛሬ መጥተው ነገ ይሄዳሉ። እኔ የፈራሁት አንቱን ነው፣ አያ ደርሶ።»

ወዳጄ፣ እስቲ ይህን ቃል አንተ ብትሰማው ምን ትላለህ? አርባ ዓመት ሙሉ የራሴን ፍርሃት ስቆጥር ኖሬአለሁ። የወኪሉን ፍርሃት፣ የፖሊሱን ፍርሃት፣ ጽሑፍ የያዘውን ሰው ሁሉ ፍርሃት። ሌላ ሰው የሚፈራኝ እኔ መሆኔን ግን ከሒሳቡ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። ልጆቹ አንደበት አጥተው አይደለም። እኛ በሳል ዘግተንባቸው ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ኧረ ምን በወጣዎት» ብላ ልብሷን ማሸት ቀጠለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደርሶ ተማረ፣ ተለወጠ ብለህ ትነሣ ነበር። አትቸኩል።

አራት ወንበር እኮ ቀርቷል። ልጆቹም ጓጉተዋል። መድኃኒቱ ከታወቀ ለሁሉም ለምን አናከፋፍለውም ብዬ አሰብኩ። እናም ኡስታዙ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አሥራ ሰባቱን ሰበሰብኳቸው። ያ ሰው የሚወደው የሚቃወመውን ነው አልኳቸው። እኔ «ፋህሚን?» ስል እናንተ «ላ፣ ያ ኡስታዝ!» በሉ። ጀመርን። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። አሁንም ሰባተኛው ላይ አንድ አፍ ሆንን። ሰባት ቁጥር መቼም ትወደኛለች።

ኡስታዙ መጣ። በዚህ ጊዜ ምንም አልሣለም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና፣ ሰሊጥ የሚዘራው በዝናብ ወራት ነው አለ። «ፋህሚን?»

«ላ፣ ያ ኡስታዝ!»

አሥራ ስምንት ሰው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ሦስቱ እጃቸው ሰሊጥ ሲዘራና ሲያርም የሻከረ ነው። እኔ ራሴ ስንት ክረምት ሙሉ ስዘራ ኖሬአለሁ። ኡስታዙ መጀመሪያ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ሲይዝ ሲይዝ ጥምጥሙ ተፈታና አንገቱ ላይ ወረደ። ሰዓዳ ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች።

እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚዘራው አለን።

ማን ይመልስ? «ላ» ከማለት ወዲያ አላጠናንም። ለዚህ መልስ ልምምድ አልነበረም። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከአሥራ ሰባት ሰው ተለይቼ፣ ያውም እኔው ራሴ ያስጠናሁትን አፍርሼ፣ እንዴት ልናገር?

ጎሹ ተነሣ። ያ ትምህርት ላይ ድንጋይ የሚሆነው ጎሹ።

«ያ ኡስታዝ፣ ውሸታችንን ነው» አለ፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው። «በክረምት ነው የሚዘራው። ወገቤን ይጠይቁት። ‘ላ’ በሉ ያሉን አያ ደርሶ ናቸው።»

እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ወንበር የጎሹ ሆነ። ሲወጣ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ «አያ ደርሶ፣ አንቱ ባያሳስቱን ኖሮ እኔ መቼ አልፍ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ምርቃት ይሁን ስድብ አላወቅሁም። ሦስቱ ወንበሮች አሁንም ኡስታዙ ዘንድ ይጠብቃሉ።

የወሩ መጨረሻ መኪና ዝናሽን ሳይዝ ሄደ።  ያን ጠዋት ዓለምነሽ ምስሩን ሁለት ጊዜ ለቀመችው።

ዝናሽ አሁን በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት ትማራለች፤ ጠዋት ሳህኗን ታጥባለች። ዓርብ ደግሞ ወደ ራኩባው ተመልሳ ሰዓዳን ታግዛለች። ከኋላ ቆማ ደብተር ታያለች። እኛ አሥራ ሰባት ቀርተናል።

ያለፈው ዓርብ ሰዓዳ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ ስታስረዳን ነበር። ሙሂም ነገር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ነው የሚሞላልኝ፤ እኔ አውራ ጣቴን ነው የማቀርበው። ሰዓዳ ከላይ እስከ ታች አንብባ ጨረሰች። ቀና አለችና «ፋህሚን?» አለች።

አፌ ሊከፈት ነው። ሳላዘው። «ፋ…» የሚለው ጥርሴ ላይ ደርሷል።

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አንድ። አልዞርኩም። ሁለት። ጆሮዬ ጋለ። ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነበር።

አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ከፈትኩት።

«እኔ አልገባኝም» አልኩ።

አሥራ ስድስት ራስ ወደ እኔ ዞረ። ሰዓዳ ደንግጣ የቱ ጋ ነው ያልገባዎት አለችኝ። «ከመጀመሪያው መስመር» አልኳት። ያን ጊዜ ከጎኔ፣ ከኋላዬ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ፣ ከባድ ጆንያ ከትከሻቸው እንዳወረዱ ሰዎች። «እኔም» አለ አንዱ። «እኔማ ከርእሱ ነው» አለች ሻይ ሻጯ። ሰዓዳ ወረቀቱን ገለበጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቤት ገባሁ። ዓለምነሽ ዝንጅብል ስትወቅጥ አገኘኋት።

«ለዝናሽ ነው» አለችኝ። «ያቺ ልጅ ሌላውን ቀን ደህና ናት። ዓርብ ዓርብ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታስለው?»

«ከእኔ ተጋብቶባት ነው» አልኳት።